ሰባት እስኪቆጠር

«ዛሬስ ፀሐይዋ አላሳፈረችንም፣ ሳዲያ። እንዲህ ከዋለችልን በርበሬው ማክሰኞ ወፍጮ ቤት ይገባል። … ኧረ ወደ ጥላው ጠጋ በይ እናቴ፣ ዓይንሽ ደም መሰለ።»

ወይዘሮ ወለተሃና ይህን ሲሉ ድምፃቸው ማር ነበር፤ ተስፋሚካኤልን ያስደነገጠውም እሱ ነው። የሟች ወንድሙ ሚስት ናቸው፣ ሠላሳ ዓመት ያውቃቸዋል። ሲቆጡ ይጮሃሉ፣ ይጮሁና ይበርድላቸዋል። ድምፃቸው እንዲህ የለሰለሰ ቀን ግን አንድ ሰው ቆዳው ሳይገፈፍ ቤቱ አይገባም። ዙሪያውን ቃኘ። ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ ከሕንፃው ጀርባ ባለው የጋራ ግቢ፣ በተዘረጋው ሸራ ዳር ዛላ በርበሬ የሚቀነጥሱት ሁለቱ ሴቶችና እሱ ብቻ ናቸው። ሳዲያ አብነት ሰፈር ጨርቅ የምትሸጥ የሦስተኛ ፎቅ ጎረቤት ናት፤ በሰው ላይ ክፉ ሠርታ አታውቅም። የቀረው አንድ ሰው ነው።

ተስፋሚካኤል የመጣው ንግግር ሊያነብላቸው ነበር። ብብቱ ሥር አራት ገጽ ጽሑፍ የያዘ የላስቲክ ፎልደር አለ። ያለፈው እሑድ የወንድሙ ልጅ ዮፍታሔ ሚለን የምትባለውን ልጅ ሊያገባ ሽማግሌ ሲልክ፣ በሽማግሌዎቹ ስም የተናገረው እሱ ነው። ሽማግሌዎቹም ወንበር ሳይነኩ ተመለሱ። ደግነቱ የልጅቱ ቤተሰብ ሁለተኛ ቀጠሮ ሰጠ፤ እሱም ነገ ነው። ይኼኛው ከተበላሸ ሦስተኛ እንደማይኖር በግልጽ ተነግሯቸዋል።

ተስፋሚካኤል ነገም መናገር ይፈልጋል። ይፈልጋል ማለት እንኳ ያንሳል፤ ስድስት ቀን ሙሉ ምግብ አልቀመሰም ማለት ይቻላል። ዮፍታሔ ከአሥራ አንድ ዓመቱ ጀምሮ አባት የለውም። እጁን ይዞ ትምህርት ቤት ያመላለሰው፣ ሲያጠፋ የተቆጣው፣ ሲመረቅ ከእናቱ እኩል ያለቀሰው አጎቱ ነው። አንድ ቀን በወንድሙ ቦታ ቆሞ ለዚህ ልጅ ሚስት ሊጠይቅለት ይመኝ የነበረው ልጁ ገና ዩኒፎርም ለብሶ ሲሮጥ ጀምሮ ነው። ከእሑድ ወዲህ ግን ልጁ አልደወለለትም። ይኼ ከሁሉም በላይ አሞታል።

«እትዬ፣ ነገ የምለውን እስኪ ትንሽ…» ብሎ ጀምሮ ነበር። ወይዘሮ ወለተሃና የፕላስቲክ በርጩማውን በእግራቸው ገፋ አደረጉለትና ፊታቸውን ወደ ሳዲያ መለሱ።

«እኔ የምልሽ ሳዲያ፣ የሰው ልጅ የሚማረው እስከ መቼ ነው? … እንዲያው ዝም ብዬ ሳስበው ነው። ጠመንጃ ያዥ በኩል አንድ ትልቅ ሰው አሉ አሉ። አንቺ አታውቂያቸውም፤ እኔም በወሬ ነው። በሃምሳ ሁለት ዓመታቸው ንግግር ተማሩ። ንግግር! እኔና አንቺ ጡት ሳንጥል የጀመርነውን። ሦስት ቀን ሙሉ፣ ከምሳ ጋር። ሰርተፊኬታቸውን መስታወት አስገብተው ከሥላሴ ሥዕል ቀጥሎ ሰቀሉት ይባላል። … ቀጥሎ ነው ያልኩሽ፣ በላይ አይደለም። ትሑት ሰው ናቸው።»

ከሥላሴ ሥዕል ቀጥሎ መሰቀሉ እውነት ነው። ግድግዳው ላይ ሌላ ምስማር አልነበረም። ተስፋሚካኤል ይህን ለማስረዳት አፉን ከፈተ፣ ከዚያ ዘጋው። የሰው ስም አልተጠራ፤ እሱ ስለ ምስማር ቢያወራ «ያ ሰውዬ እኔ ነኝ» ብሎ መፈረሙ ነው። እጁ ሥራ ቢያጣ አንድ ዛላ አንሥቶ መቀንጠስ ጀመረ።

«ከዚያ ወዲህ የሰውዬው ሕይወት ተለወጠ። በቀን ምን እንደሚሠሩ የሚጽፉበት ደብተር ገዙ። ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ይነሣሉ፣ በቀዝቃዛ ውኃ ይታጠባሉ። ውኃ በሳምንት ሁለት ቀን በሚመጣበት ሰፈር! ልጆቻቸው ፊታቸውን ሊታጠቡ በርሜሉን ሲከፍቱ… ደረቅ። ግን ጽዱ ሰው ናቸው፣ ይኼን ማን ይክዳል? ከዚያ መስታወት ፊት ቆመው ለራሳቸው ንግግር ያደርጋሉ። መስታወቱ እስካሁን ተቃውሞ አላሰማም።»

ሳዲያ ሻሿን ወደ አፏ ሳብ አደረገችና ሳለች። በርበሬ የሚቀነጥስ ሰው ይስላል፤ ነገር ግን ትከሻ አይንቀጠቀጥም።

«ሥራ ቦታማ አይወራ! ድሮ ባለጉዳይ ይገባል፣ ወረቀቱ ይፈረማል፣ ይወጣል። አሰልቺ ነበር። አሁን ጧት ጧት ሠራተኛው ሁሉ ክብ ሠርቶ ያጨበጭባል፣ እንዲነቃቃ። ባለጉዳዩ በመስኮት ያይና ልደት ያለ መስሎት ይጠብቃል። … አንዲት እናት ከስንት መንገድ መጥተው፣ ሁለት ቀን አብረው አጨብጭበው ተመለሱ አሉ። ጉዳያቸው ባይፈጸምም ነቅተው ነው የሄዱት።

«እድር ስብሰባ ላይ ደግሞ ‹ሦስት ነጥብ አለኝ› ብለው ይነሣሉ። ሦስተኛውን ነጥብ የሰማ ሰው ግን ጠፋ፤ ሁሉም ሁለተኛው ላይ ሥራ ይዞት ይሄዳል። ምን ያድርጉት? የዘንድሮ ሰው ዕውቀት አይፈልግም። ፈገግታ የሰው ልብ ይከፍታል ተብለውም ተምረዋል። ባለፈው ለቅሶ ቤት ገብተው፣ ሠላሳ ሁለት ጥርሳቸውን አሳይተው፣ ሐዘንተኛውን አንድ በአንድ ጨብጠው ጨብጠው ወጡ። ቤተሰቡ እኮ ሟቹ ቤት የተናዘዘላቸው መስሎት ነበር!»

አሠልጣኙ «ሰው ሲናገር ጣልቃ አትግቡ፤ ራሳችሁን እየነቀነቃችሁ በንቃት አዳምጡ» ብሎ ነበር። ተስፋሚካኤል ሌላ የሚይዘው ነገር ቢያጣ ራሱን ነቀነቀ። ሁለተኛ ጊዜ ሲነቀንቅ ምን እያጸደቀ እንደሆነ ገባውና አቆመ። መሄድ አማረው። ፎልደሩን ብብቱ ሥር አደላድሎ ከበርጩማው ብድግ አለ።

«አይገርምሽም ሳዲያ» አሉ ወይዘሮ ወለተሃና ዓይናቸውን ከበርበሬው ሳያነሡ፤ «አንዳንድ ሰው ወሬ መካከል ተነሥቶ ከሄደ፣ የተወራው ስለ እሱ ነው ማለት ይመስላል እኮ።»

ተስፋሚካኤል ተቀመጠ።

«ምን ላይ ነበርኩ? … አዎ። እና እኚህን ሰው ሽማግሌ አድርገው ላኳቸው። ምን ያለ መታደል ነው! ሦስት ሆነው ሄዱ። ቄሱ፣ ጎማ ቤት ያለው አንድ ዝምተኛ ሰውዬ፣ እና እኚህ የኛ ተናጋሪ። ደንቡን ታውቂዋለሽ። ሽማግሌ ሲገባ በሩ አጠገብ ይቆማል፤ ተቀመጡ ቢባል ‹ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም› ይላል፤ መሬት መሬት ያያል። ሁለቱ እንደ ደንቡ ቆሙ። እኚህኛው ግን መድረክ መቆጣጠር ተምረዋል። ሳሎኑን ተቆጣጠሩት። በሶፋውና በጠረጴዛው መካከል ወዲህ፣ ወዲያ… የልጅቱ አባት ሦስት ጊዜ እግራቸውን ሰበሰቡላቸው። ጨዋ ቤተሰብ ነው።

«ደግሞ ዓይን ለዓይን ማየት አለ፤ ተናጋሪ መሬት አያይም። አያትየዋ ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል። በሰማንያ ዓመታቸው እንደዚያ አፍጥጦ ያያቸው ወንድ የለም፣ ባላቸውም ቢሆኑ። ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ሳቡት። … አፍረው እንጂ ፈርተው አይመስለኝም።»

ተስፋሚካኤል አያትየዋ፣ እማማ ወለተሰንበት፣ ነጠላቸውን ሲስቡ አይቶ ነበር። ንግግሩ ልባቸውን ነክቶት መስሎታል። አሁን ጆሮው ጋለ።

«ከዚያ ንግግሩ ተጀመረ። ጥሩ ንግግር በማስደንገጥ ነው የሚጀመረው አሉ፣ ትምህርቱ እንዲያ ነው። ‹ልጃችን› አሉ፣ ድምፃቸውን ጎርነን አድርገው። ‹ልጃችን… አንድ ትልቅ ጉድለት አለበት።› … እና ዝም አሉ።»

ወይዘሮ ወለተሃናም ዝም አሉ። አንድ ዛላ አነሡ፣ ቀነጠሱ፣ ጣሉ። ሌላ አነሡ።

ከዝምታው ቀጥሎ የሚመጣው እኮ ምን የመሰለ ነገር ነበር! «ጉድለቱም እንደ ሚለን ያለች ሚስት ከጎኑ አለመኖሯ ነው!» ይል ነበር። ተስፋሚካኤል ይህን ዓረፍተ ነገር አርባ ጊዜ ተለማምዶታል። አሠልጣኙ «ትልቅ ነገር ከተናገራችሁ በኋላ ሰባት እስክትቆጥሩ ዝም በሉ፤ አድማጭ ወደ እናንተ ዘንበል ይላል» ብሎታል። ሰባት ቆጠረ። ዘንበል ያለ አልነበረም።

«ሰባት ይቆጠራል አሉ፣ ሳዲያ። ሰባት! በሰባት ስንት ነገር ይታሰባል? አንድ ሲሉ አያትየዋ ‹በሽተኛ ነው› አሉ በልባቸው። ሁለት ሲሉ ‹ሚስት አለችው።› ሦስት ሲሉ ‹ወልዷል።› አራት ሲሉ ‹መንታ ነው።› አምስት ላይ የልጅቱ እናት ማልቀስ ጀመሩ። ስድስት ላይ አባትየው ልጅቷን ‹ታውቂ ነበር?› ብለው ጮኹባት። ሰባት ላይ አያትየዋ በሩን ወለል አድርገው ከፍተው ቆመዋል። … ሰውዬው ግን አልቸኮሉም። ሥርዓት ያላቸው ሰው ናቸዋ! የጀመሩትን ቆጠራ ስድስት ላይ ያቋርጣሉ? ቀሪውን የተናገሩት በሩ ከተዘጋ በኋላ፣ ደረጃው ላይ ነው። ደረጃው ደግሞ ድምፅ ያስተጋባል፤ በጣም አምሮ ነበር አሉ፣ ምድር ቤት ያሉት ሁሉ ሰምተዋል።

«ሲወርዱ ጎማ ቤት ያለውን ሰውዬ ምን ብለው ቢጠይቁት ጥሩ ነው? ‹ድምፄ እንዴት ነበር?› … ተይ አትሳቂ። ትልቅነት ይኼ ነው። ስንቱ ሰው ነው በሥራው ላይ አስተያየት የሚጠይቅ?»

ሳዲያ መሳቋን መደበቅ ትታለች። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ሆዷን ይዛለች። ተስፋሚካኤል መሬት ተከፍታ ብትውጠው ደስታው ነበር። ጠይቋል፣ እውነት ነው። ጎማ ጠጋኙ ተክለኣብ ትከሻውን መታ መታ አድርጎት «ባርኔጣዬን ረሳሁ» ብሎ ወደ ላይ ተመለሰ። እሱ መኪና ውስጥ ሆኖ ጠበቀው። ተክለኣብ ሲመለስ «እሑድ ኑ ብለዋል» አለ። ተስፋሚካኤልም ያን ጊዜ ደስ አለው። ደረጃው ላይ የተናገረው በበሩ ቀዳዳ ገብቶላቸው፣ አስተውለውት፣ ተጸጽተው ነው ብሎ አመነ። ስድስት ቀን ሙሉ ያጽናናው ይኼው እምነት ነበር።

«ጎማ ቤት ያለው ሰውዬ ግን እንግዲህ ያልተማረ ነው» ቀጠሉ ወይዘሮ ወለተሃና። «ባርኔጣ ረስቶም አልነበረም፤ ባርኔጣው ኪሱ ውስጥ ነበር። ተመልሶ በሩ ላይ ቆመ፣ መሬት መሬት እያየ። ‹እማማ፣ ልጁ ጎረቤቴ ነው። እናቱን አንድ ቀን አስከፍቷት አያውቅም። ሌላ ቀን ይስጡን› አለ። በቃ። … ሰባት አልቆጠረ፣ ሳሎን አላቋረጠ፣ ጥርሱን አላሳየ። ምን ይደረግ፣ ዕድሉን ያላገኘ ሰው በአጭሩ ነው የሚናገር። አያትየዋም ‹እሑድ ኑ› አሉት። የንግግር ጣዕም የማይገባቸው ሴት ናቸው መሰለኝ።»

ዛላው ከተስፋሚካኤል እጅ ወደቀ። እንግዲያው ደረጃው ላይ የተናገረውን የሰሙት ምድር ቤት ያሉት ብቻ ናቸው። ያዳነው፣ ዮፍታሔንም ያዳነው፣ ተክለኣብ ነው፤ እሱም ለማንም ሳይነግር፣ ባርኔጣ አመካኝቶ። አራቱ ገጽ ብብቱ ሥር ከበዱት።

«አሁን ታዲያ እነዚያ ሰዎች ነገ ይሁን ከነገ ወዲያ እንደገና ሊሄዱ ነው አሉ። ጎማ ቤት ያለው ይናገር ተባለ። ልጁም ‹እሱ ይሁንልኝ› አለ። ቤተሰቡ ግን በእኚያ ሰውዬ ተጨነቀ። ይቅሩ? … አይሆንም! ሽማግሌ ሦስት ሆኖ ሄዶ ሁለት ሆኖ ይመለሳል እንዴ? ሦስተኛ ሽማግሌ ማለት እኮ ትልቅ ማዕረግ ነው። መቆም አለበት፤ መቆም ደግሞ ማንም አያስተምራቸውም። መሬት ማየት አለበት። ከዚያ በቃ። ሳል እንኳ አይጠበቅበትም።»

«ልጁም» የሚለውን ሲሰማ ተስፋሚካኤል አንገቱን ደፋ። ነገሩ አልቋል፤ የተቆረጠው እሱ ሳይኖር፣ ዮፍታሔ ባለበት ነው። ሊናገር ፈለገ። «እኔ እኮ ለመታየት አይደለም፣ ፈርቼ ነው» ሊል ፈለገ። ደግሞ እንዳይል የሚያወሩት ስለ እሱ አይደለም።

ወይዘሮ ወለተሃና ጥቂት ዛላ ቀነጠሱ። ድምፃቸው ዝግ አለ።

«እኔ ግን፣ ሳዲያ፣ እኚያን ሰው አልቀየማቸውም። አንድ ነገር ስለማውቅባቸው ነው። የዛሬ አሥራ ሰባት ዓመት ወንድማቸው ሲሞት፣ ልደታ ማርያም ቅጥር ውስጥ፣ የሕይወት ታሪኩን እንዲያነቡ ወረቀቱ ተሰጣቸው። ያ ሁሉ ለቀስተኛ ቆሞ ይጠብቃል። አፋቸውን ከፈቱ፣ ድምፅ የለም። ‹ወንድሜ› አሉ። ደግሞ የለም። ወረቀቱ በእንባ ርሶ ሌላ ሰው ተቀብሎ አነበበው። ከዚያን ቀን ጀምሮ የተዋረዱ ይመስላቸዋል። ይኼን ሁሉ ትምህርት፣ ይኼን ሁሉ መስታወት ያመጣው እሱ ነው። … የሟች ሚስት ምን ትላለች መሰለሽ? በዕድሜዬ እንደዚያች እንደ ‹ወንድሜ› ያለ ንግግር ሰምቼ አላውቅም ትላለች። ከሠለጠኑ ወዲህ ደግሞ ጆሮዋን ቀስራ ስትጠብቅ… እስካሁን ደግማ አልሰማችም።»

ተስፋሚካኤል ዓይኑን ጠረገ። በዚያው በርበሬ ሲቀነጥስ በቆየበት እጁ ነበር የጠረገው። «ኧረ በሕግ!» ብሎ ብድግ አለ፤ ሁለት ዓይኑ ተቃጥሎ፣ እንባው በጉንጩ እየወረደ፣ በርጩማውን ገልብጦ ግቢው መካከል ቆመ። ሳዲያ የውኃ ጆጎ ይዛ ሮጠች። ሲያጥቡት አለቀሰ። ከበርበሬው ነው ሊል ይችል ነበር፣ ግን ከበርበሬው ብቻ እንዳልሆነ ሦስቱም ያውቃሉ። ከሐዘኑም ከሐፍረቱም ጋር አንድ የሚያስቅ ነገር ሆዱ ውስጥ ተነሣበት። አራት ገጽ ሙሉ ጽፎ ዮፍታሔ ደግ ልጅ መሆኑን አንድ ቦታ እንኳ አላነሣም።

ወይዘሮ ወለተሃና እጃቸውን በመቀነታቸው ጫፍ ጠረጉ። ወገባቸውን ይዘው ተነሡ፤ ሁለት መዳፋቸውን ወደ ላይ ዘረጉ።

«እስኪ ባሉበት እንመርቃቸው፣ ሳዲያ፤ የሰው ደግ አይጠላም። እግዜር ዕድሜ ከጤና ይስጣቸው። የሚወዱትን ልጅ ሠርግ ያሳያቸው። በሠርጉ ቀን ከሙሽሮቹ አጠገብ፣ በአባት ወንበር ያስቀምጣቸው። እልል የሚለው ዘመድ ሁሉ ተራ ይዞ ያጉርሳቸው። ከጧት ጀምሮ፣ ድግሱ እስኪበተን፣ ማይኩም ተጠቅልሎ ለባለቤቱ እስኪመለስ ድረስ… አፋቸው ከጉርሻ ባዶ አይሁን! … አሜን በል እንጂ፣ ወንድምዬ። ለማታውቀው ሰው አሜን ማለት ምን ይከብዳል?»